«ዳታ አልሳብ አለን»

ሰኞ ጠዋት፣ ገና 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ስልኬ ከጮኸ የደዋዩን ስም ሳላይ ነገሩን አውቀዋለሁ። «ማሽኑ ዳታ አልሳብ አለን» ነው የሚሉኝ። የሰው ሀብት ባለሙያዋም፣ የጥበቃ ኃላፊውም፣ የአይሲቲ ክፍሉ ልጅም የሚሉት ይህንኑ ነው። አንዳንዴ «በሩ ካርድ አይቀበልም» ይጨምሩበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር፣ ማንም አልነካውም» ይላሉ። ይቺ «ማንም አልነካውም» እንዴት እንደምታደክም በሥራው ላይ ያለ ያውቃታል። መሰላሌን ባጃጅ ላይ አስሬ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ አቶቴ፣ ከአቶቴ ወደ ሐይቅ ዳር እየተመላለስኩ፣ ሐዋሳ ውስጥ የበር መቆጣጠሪያና የአሻራ ማሽን ስተክልና ስጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ማሽኑ ራሱ ተበላሽቶ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በሩም፣ ካርዱም፣ ኮምፒውተሩም ብዙውን ጊዜ ደኅና ናቸው። ሁላችንንም የምታንገላታን በመካከላቸው የተቀመጠች፣ መዳፍ የማትሞላ ሳጥን ናት።

ኮንቨርተር ትባላለች። ሥራዋ ማስተርጎም ነው። በር ላይ የሚሰቀሉት አንባቢዎችና መቆጣጠሪያ ቦርዶች የሚነጋገሩት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አርኤስ-485 በሚባለው ቋንቋ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ቋንቋ አይሰማም፤ እሱ የሚያውቀው ዩኤስቢ ወይም የኔትወርክ ገመድ ነው። ኮንቨርተሯ መሀል ገብታ የአንዱን ለአንዱ ታቀብላለች። የአርኤስ-485 ደረጃ የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከረዳቶቼ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። አርጅቷል ግን አይናቅም። ከእሱ በፊት የነበረው አርኤስ-232 15 ሜትር ገደማ ሲሄድ ይደክመው ነበር። ይህኛው ፍጥነቱ ዝቅ ካለለት 1200 ሜትር ይጓዛል፣ በአንድ መስመር ላይም 32 መሣሪያ ይሸከማል። የጄኔሬተርና የአሳንሰር ረብሻ በቀላሉ አይበግረውም፤ መልእክቱን የሚያነበው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ካለው የቮልቴጅ ልዩነት ስለሆነ፣ ረብሻው ሁለቱንም እኩል ሲነካቸው ልዩነቱ እንደነበረ ይቀራል።

ስለዚህ እሮሮዬ በቴክኖሎጂው ላይ አይደለም። ይህን የመሰለ ነገር ከተከልን በኋላ እንዴት እንደተከልነው አንዲት መስመር ሳንጽፍ መሰላላችንን ይዘን በምንሄደው በእኛ በባለሙያዎቹ ላይ ነው። «ጽፋችሁ አስረክቡን» ብለው በማይጠይቁን ባለንብረቶችም ላይ ነው።

ከሽቦው ልጀምር። ሁለቱ ሽቦዎች «ኤ» እና «ቢ» ይባላሉ። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ኤን ለኔጌቲቩ፣ ቢን ለፖዘቲቩ ሰጡ። ብዙ ቺፕ ሠሪዎች ደግሞ ገልብጠው ኤን ፖዘቲቭ አደረጉት፤ መሣሪያ ሠሪዎችም ገሚሱ ያንን፣ ገሚሱ ይሄንን ተከተለ። በዚህ የተነሳ አንዱ ፋብሪካ ኤ ያለው ሌላው ጋ ቢ ነው። ከዚህ ጣጣ ለመሸሽ «485 ፕላስ»፣ «485 ማይነስ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ «ዲ ፕላስ»፣ «ዲ ማይነስ» የሚሉም አሉ። ኤን ከኤ፣ ቢን ከቢ ታገናኛለህ፣ በካቻቢቴ አጥብቀህ ታስራለህ፣ ከዚያ ዝም ይልሃል። ሳጥኗ ላይ ሁለት ጥቃቅን መብራቶች አሉ፤ ቲኤክስ የሚላከውን፣ አርኤክስ የሚመጣውን ያሳያሉ። ቲኤክስ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ኮምፒውተሩ እየተጣራ ነው። አርኤክስ ግን ጨልሟል፤ አቤት የሚል የለም። ያኔ ሁለቱን ሽቦዎች ማገላበጥ ነው። መሣሪያውን አይጎዳም፣ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሶፍትዌር ሲጭንና ሲያነሳ ይከርማል። የሚያውቀውም ገልብጦ መብራቱ ሲበራለት ተንፈስ ይልና ይሄዳል፤ «የዚህ ሳጥን ኤ የዚያኛው ቢ ነው» ብሎ በእስክሪብቶ አይጽፍም። በዓመቱ ሌላው መጥቶ ከሀ ይጀምራል።

የፍጥነቱም ነገር ያው ነው። ቦርዱ በ9600 ተቀምጦ ኮንቨርተሯ በ115200 ከሆነች ሁለቱ አይግባቡም። የተመረጠው ቁጥር የትም ስላልተጻፈ 19200ን፣ 38400ን እያልክ አንድ በአንድ ትሞክራለህ። የመሣሪያዎቹ መለያ ቁጥርም አለ። ሁለት ማሽን አንድ ቁጥር ከያዙ፣ ኮምፒውተሩ «ቁጥር 3!» ብሎ ሲጣራ ሁለቱም ባንድ ጊዜ አቤት ይላሉ፤ ለእሱ የሚደርሰው ጫጫታ ነው። የትኛው ማሽን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ የሚናገር ወረቀት ባለመኖሩ ከአንደኛ ፎቅ እስከ አምስተኛ እየወጣህ የእያንዳንዱን ክዳን ትፈታለህ።

ባለፈው ሚያዝያ የገጠመኝን ላውጋችሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለ፣ መግቢያው ላይ በሲዳምኛ «ዳኤ ቡሹ» (እንኳን ደኅና መጡ) ተብሎ የተጻፈበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ስሙ ይቆየኝ። ሰባት የአሻራ ማሽኖች በአንድ መስመር ተያይዘዋል። የመጨረሻው ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ በጓሮ በር በኩል ነው ያለው፤ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች የሚገቡት በዚያ ነው። ከፋሲካ በፊት በወረደው ዝናብ መብረቅ ሲያጉረመርም አምሽቶ ኮንቨርተሯ ተቃጠለች። አንድ ባለሙያ ተጠርቶ በሌላ ተካትና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስድስቱ ማሽኖች ይሳባሉ፣ የጓሮው ግን አንድ ቀን እሺ ሲል አንድ ቀን እምቢ ይላል። ወሩ አልቆ ሪፖርቱ ሲታተም አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አራት ቀን ቀርተዋል ተብሎ ደመወዛቸው ተቆረጠ።

እኔ ስደርስ የጓሮው በር ላይ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ አንድም ቀን አልቀረሁም» አሉኝ። «አራቱንም ቀን ጣቴን አድርጌያለሁ፣ ማሽኑም አመሰግናለሁ ብሎኛል።» አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ ጥበቃ ቀበል አደረጉና፣ «በሩን የምከፍትላት እኔ አይደለሁ? ከእኔ ቀድማ የደረሰችበት ቀን አለ። የኔ ቃል ግን ለማሽኑ አይሆንም አሉኝ» አሉ።

«እናቴ፣ ማሽኑ ውስጥ ካለ አወጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

መብራቱን አጥፍቼ መልቲሜትሩን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አኖርኩት። አንድ የአርኤስ-485 መስመር በሁለት ጫፉ 120 ኦም የሆነ ሬዚስተር ይታሰርለታል፤ መልእክቱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ መስመሩን እንዳይረብሽ ነው። ሁለት 120 ጎን ለጎን ሲለኩ 60 ያህል ይሰጣሉ፤ የገመዱ የራሱ ተቃውሞ ሲታከልበት ትንሽ ከፍ ይላል። የእኔ መልቲሜትር ያነበበው 43 ነው። 43 ማለት አንድ ቦታ ሦስተኛ ሬዚስተር አለ ማለት ነው። የኮንቨርተሯን ሳጥን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ተካይ በዘመኑ በናስትሮ ጠቅልሎ ያሰረው ሬዚስተር ከነተርሚናሉ አለ። አዲሷ ኮንቨርተር ደግሞ የራሷን 120 ኦም በሆዷ ይዛ ነው የመጣችው፤ ጎኗ ላይ የእህል ፍሬ የምታህል ማብሪያ አለች፣ ከፋብሪካ ስትመጣ የበራች። የተካው ሰው አሮጌውን ሬዚስተር አላየውም፤ ያሰረው ሰው እዚህ አለ ብሎ አልጻፈለትም። በዚህ ላይ ገመዱን በምላጭ ብፍቀው ልቡ ነጭ ሆነ፤ ላዩን መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። ሦስቱ ሬዚስተሮች ጉልበቱን ሲጠጡት፣ የቀረውን ገመዱ ሲበላው፣ ከሁሉ ሩቅ ለሆነው ለጓሮው ማሽን የሚደርሰው ድምፅ ሰለለ።

ያችን ማብሪያ በካቻቢቴዬ ጫፍ አጠፋኋት። መልቲሜትሩ 66 አለ። መብራቱን አብርቼ ከሰው ሀብት ባለሙያዋ ኮምፒውተር ላይ «ሳብ» ስል ሰባቱም መለሱ። የሴትየዋ መለያ ቁጥር ሲገባ አራቱም ቀናት ተደርድረው ወጡ፤ 06:38፣ 06:41፣ 06:36፣ 06:40። ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ የገቡበት ሰዓት ነው። መረጃው አልጠፋም ነበር። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሙሉ ወር ተቀምጦ ነበር፤ የሚያሻግረው ነው ያጣው። ባለሙያዋ አጎንብሳ ስታነብ ቆየችና፣ «ፔይሮሉ ተፈርሞ ባንክ ሄዷል፤ በግንቦት ደመወዝ ይስተካከላል» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ በእጇ ያለው ይህ ብቻ ነው። የአራት ቀን ደመወዝ አንድ ወር ይቆያል ሲባል በጽዳት ሠራተኛ ቤት ምን እንደሚጎድል ግን ሁላችንም እናውቃለን። እኚያ እናት «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መጥረጊያቸውን አነሱ። እኔ በዚያ ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ። የአንዲት መስመር ጽሑፍ ዕዳ ነው የከፈሉት።

ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ በር እየበዛ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ተመረቀ፤ በ2012 ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። ቢሮው፣ ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ ኮሌጁ በየቀኑ ይጨምራል፤ ሕንፃ በተሠራ ቁጥር በሩ ላይ ማሽን ይሰቀላል። ዛሬ በሥርዓቱ ካልያዝነው የነገው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ከዛሬው የባሰ ነው የሚሆነው።

ወደ ኔትወርኩ ልምጣ። በኔትወርክ ገመድ የምትሠራዋ ኮንቨርተር ከፋብሪካ ስትመጣ የራሷን አይፒ አድራሻ ይዛ ትመጣለች። አንዳንዷ 192.168.127.254 ትላለች፤ የእኛ ቢሮዎች ኔትወርክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 192.168.1 ላይ ነው። ስለዚህ ገመዱ ተሰክቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ኮምፒውተሩ አላየኋትም ይላል። የላፕቶፕህን አድራሻ ወደ እሷ ሰፈር ቀይረህ ትገባለህ፣ ከዚያ የቢሮውን አድራሻ ትሰጣታለህ። ይህ እንግዲህ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ነው፤ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው አድራሻዋን ቋሚ ሳያደርግ ሮተሩ እንዲሰጣት ትቶ የሄደ ሰው ሲኖር ነው። ለጊዜው አልጋ በአልጋ ይመስላል። ከዚያ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ይነሳል፤ ሮተሩም እንደ አመጣጣቸው አድራሻ ያድላል። ትናንት የአድራሻዋ መጨረሻ 50 የነበረችው ዛሬ 63 ትሆናለች። ሶፍትዌሩ አሁንም 50ን ይፈልጋል። በዚያችው 50 ላይ አንዳንዴ የሒሳብ ክፍሉ ፕሪንተር ቁጭ ብሏል። «ማንም አልነካውም» ሲሉኝ እውነታቸውን ነው፤ መብራቱ ነው የነካው። በየሳምንቱ መብራት በሚሄድበት ከተማ ቋሚ አድራሻ ሳይሰጡ መሄድ ሥራን ግማሽ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ቋሚ ሰጥተውም አድራሻውን ሳይጽፉ ቢሄዱ፣ የሚቀጥለው ባለሙያ ሙሉ ኔትወርኩን ሲያስስ ይውላል።

በዩኤስቢ የምትሰካዋ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ኮምፒውተሩ ለእሷ ኮም 3 የሚል ስም ይሰጣል፤ ሶፍትዌሩም ኮም 3 ላይ ይጠብቃታል። አንድ ቀን ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ የፈለገ ሰው ይነቅላትና መልሶ በሌላው ቀዳዳ ይሰካታል። ስሟ ኮም 7 ይሆናል። ሰውየው ጥፋት መሥራቱን በምን ያውቃል? ቀዳዳው አጠገብ «አይነቀል» የሚል የለም፣ የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነም አልተጻፈም።

በዚህ ላይ ኮፒው አለ። ከመርካቶ የሚመጣውን ዕቃ «ኦርጅናል ነው ወይ?» ብለህ የማትጠይቅበት፣ «ኦርጅናል ነው» ያልተባልክበት ጊዜ የለም። በእነዚህ የዩኤስቢ ኮንቨርተሮች ውስጥ ያለው ቺፕ በዓለም ሁሉ በብዛት በማስመሰል የሚሠራ ነው። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ኤፍቲዲአይ የተባለው ቺፕ ሠሪ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሰራጨው ድራይቨር፣ አስመስለው የተሠሩትን ቺፖች መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ እየቀየረ ኮምፒውተር እንዳያውቃቸው አድርጎ ነበር። ፕሮሊፊክ የተባለው ደግሞ በአዲሱ ድራይቨሩ የእኔ ያልሆነን ቺፕ አልቀበልም ይላል። ሠሪዎቹ የራሳቸውን ገበያ መጠበቃቸው ነው፤ መዘዙ ግን የሚወድቀው ሳያውቅ በገዛው ሰው ላይ ነው። ለሁለት ዓመት ስትሠራ የቆየች ኮንቨርተር ኮምፒውተሩ አንድ ሌሊት ራሱን አዘምኖ ሲያድር ጠዋት ላይ «ኮድ 10» ትልሃለች። አሮጌውን ድራይቨር ፍለጋ ነው ከዚያ በኋላ። የትኛው ድራይቨር እንደሠራ፣ ፋይሉስ የት እንደተቀመጠ? አልተጻፈም።

የሰዓቱ ነገር ብቻውን አንጀት ያሳርራል። ማሽኖቹ የሚያውቁት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረውን ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ቀናችንን ከንጋት እንቆጥራለን። ከሰባቱ ማሽኖች አንዱን አንድ ቅን ሰው ሰዓቱ ተሳስቷል ብሎ በእኛ ሰዓት ያስተካክለዋል። ሠራተኛው በፊት ለፊቱ በር ጠዋት 8:25 ብሎ ይገባል፤ ማታ በጓሮው በር ሲወጣ ማሽኑ 11:35 ብሎ ይመዘግባል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ከቀትር በፊት ሥራ ጥሎ የወጣ ሰው አድርጎ ያየዋል። ሙሉ ቀን የሠራው ሰው ግማሽ ቀን ቀሪ ይሆናል። ወሩም እንዲሁ ነው። ሪፖርቱ የፈረንጁን ቀን ይጠይቃል፤ ደመወዝ ግን የሚሠራው በእኛ ወር ነው። የመስከረምን ለማውጣት ከ9/11 እስከ 10/10 ብሎ መሙላት ያስፈልጋል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል። ሰንጠረዡን አዘጋጅቶ ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ መለጠፍ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ቢሮ ውስጥ ይህ ሰንጠረዥ የለም፤ ያለው አንዲት ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ሰንጠረዡም አብሯት ይወጣል።

ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎች ጋ ሲኬድ ነገሩ ይከብዳል። የእንግዳ መቀበያው አንድ ሕንፃ፣ መኝታ ክፍሎቹ ሌላ ሕንፃ፣ ልብስ ማጠቢያው ከዛፎቹ ወዲያ ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ ኤርዝ አለው፤ አንዳንዱም ኤርዝ የሚባል ነገር አያውቀውም። በሁለቱ ሕንፃዎች መሬት መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ሲኖር፣ መብረቅ ሲጥል ደግሞ ልዩነቱ ድንገት ሲንር፣ የሚያቃጥለው ያችን መሀል የቆመች ሳጥን ነው። አርኤስ-485 የሚችለው የሽቦዎቹ ቮልቴጅ ከመሬቱ አንጻር ከኔጌቲቭ 7 ቮልት እስካልወረደ፣ ከፖዘቲቭ 12 እስካልበለጠ ድረስ ነው። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ የኤሌክትሪክ መለያያ ያላት ኮንቨርተር ትሠራለች፣ ዋጋዋ ግን ከፍ ይላል። ግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ፍላጎቱ ላይ የተጻፈው «ኮንቨርተር 1» ብቻ ነው። መለያያ ያላት፣ የሌላት ብሎ የዘረዘረ ስለሌለ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል፤ ግዥ ክፍሉም ደንቡን ነው የፈጸመው። በክረምቱ ትቃጠላለች። ሁለተኛዋ ትገዛለች፣ እሷም ትቃጠላለች። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። በሦስት ርካሽ ሳጥን ዋጋ አንዲት ደኅና ሳጥን ይገዛ ነበር። ፍላጎቱን የሚጽፈው ሰው አንድ ቃል ቢጨምር የሚቀር ወጪ ነው።

ሳጥኗ ስትቃጠል ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚባክነው። አዲስ ካርድ መስጠት፣ የለቀቀ ሰው ካርድ መሰረዝ ይቆማል። በሩ አልታዘዝ ሲል ሰው ምን ያደርጋል? ድንጋይ ያስደግፍበታል። የመድኃኒት መጋዘን በር፣ የሒሳብ ክፍል በር፣ የተማሪ ውጤት የሚቀመጥበት ክፍል በር በድንጋይ ተደግፎ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ጥበቃው ያችን የድሮ የፊርማ መዝገብ ከመሳቢያ ያወጣሉ። መዝገቧ ቢያንስ ማን ምን እንደጻፈባት ታሳያለች።

በመሥሪያ ቤቶቻችን ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ወንበሩ ቁጥር አለው፣ ጠረጴዛው ቁጥር አለው፣ ኮምፒውተሩ ጀርባው ላይ በቀለም ተጽፎበታል። ኮንቨርተሯም «1 ፍሬ» ተብላ ተመዝግባለች። አድራሻዋ፣ ፍጥነቷ፣ የይለፍ ቃሏ፣ ሬዚስተሯ የት እንዳለ ግን በማንኛውም ሞዴል ላይ የለም። የተከላት ሰው ስልክ ቀይሯል፣ ወይም አዲስ አበባ ገብቷል፣ ወይም አገር ለቋል። የይለፍ ቃሉ ከእሱ ጋር ሄዷል። ቀሪው መንገድ ፋብሪካ ወደሠራው መመለስ ነው፤ ያ ማለት ሁሉንም እንደገና መጀመር ነው። ሆን ብለው የይለፍ ቃሉን የሚደብቁ ባልደረቦች እንዳሉም አውቃለሁ። እንጀራዬን ልጠብቅ ብለው ነው። እኔ ግን ደንበኛን በመደበቅ መያዝ ነውር ነው እላለሁ፤ እኚያን እናት ደጃፍ ቆመው ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም።

እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሳልጽፍ ሠርቻለሁ። ዛሬ የምፈታው የሌላው ሰው ዕዳ እንዳለ ሁሉ የእኔን ዕዳ እየፈታ ያለ ልጅ በዚህ ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አሁን ግን አንድ ሕንፃ ጨርሼ ስወጣ የሳጥኑ ክዳን ውስጠኛው ገጽ ላይ አንድ ወረቀት በግልጽ ፕላስተር እለጥፋለሁ። የመስመሩን ሥዕል በእጄ እሥላለሁ፤ ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንደሚያልቅ። በየማሽኑ መለያ ቁጥር አጠገብ ፎቁን፣ ፍጥነቱን፣ ኤና ቢ የተገለባበጡበትን ቦታ፣ ሁለቱ ሬዚስተሮች ያሉበትን፣ አይፒውን፣ ማሽኖቹ በየትኛው ሰዓት እንደተቀመጡ እጽፋለሁ። የይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው እሰጣለሁ። ቀኑንና ስልኬን ከታች አኖራለሁ። ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ ከኮሌጅ እየወጣችሁ መሰላል የምትሸከሙት ልጆች፣ መብራቱ ሲበራላችሁ ወዲያው አትውረዱ፤ እዚያው ላይ ቆማችሁ ጻፉ። እናንተም የሕንፃ ባለቤቶች፣ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ የርክክብ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱና እዩ። ወረቀቱ ከሌለ ሥራው አላለቀም፤ አትፈርሙ።